የሁለት አውራ ጣት ቱቦ

ላምባ የሸጠ ሰው ስለ ችኮላ አንድ ነገር ያውቃል። የጠርሙስ አፍ ጠባብ ነው። ከበርሜል ቀድታችሁ ቶሎ ብታንቆረቁሩበት ወደ ጠርሙሱ የሚገባው ትንሽ፣ ወደ እጅጌያችሁ የሚገባው ብዙ ነው። ቀስ ብትሉ ደግሞ ደንበኛው «ኧረ በል ሳይመሽ» ይላል። የኔ ጸጉር የሸበተው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ፈሳሽ ነገር በምን ያህል ፍጥነት፣ በምን ያህል ቀዳዳ መሄድ አለበት ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ወደ ተማረ ሰው አልመራውም። ቁጭ በል እለዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው። የጣሊያን ጊዜ ስል ጀግንነት የምተርክ የመሰለው ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ። ጀግኖቹ ጫካ ነበሩ። እኔ ቂርቆስ ነበርኩ፣ ላምባ እየሸጥኩ።

ሱቄ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ ግማሿ ጭቃ ግማሿ ቆርቆሮ የሆነች ቤት ነበረች። ከፊት ላምባ፣ ከጓሮ ብረታ ብረት። የብረታ ብረቱ ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው የሰበረውንና የነቀለውን ሁሉ ለኔ ያመጣል፣ እኔም አንድ ቀን ይፈለጋል እያልኩ እከምራለሁ። ባለቤቴ አስካለ ክምሩን «የሞኝ ጎተራ» ትለዋለች። እስከዚያ ቀን ድረስ አልተከራከርኳትም።

ከኔ ማዶ ካዛንችስ እየተሠራ ነበር። ስሙን እንኳ ያኔ አስተካክሎ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ቤቶቹ የጣሊያን ጸሐፊዎችና ሹሞች የሚኖሩባቸው ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት መስኮት፣ አንድ ዓይነት ጣሪያ። ቀምሶ የገባ ባል የሰው ቤት ገብቶ እራት የሚበላበት ዓይነት አሠራር ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ትእዛዝ ወጣ። ያገሩ ሰው ሱቁንም ቤቱንም እየለቀቀ ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ወደሚከፈተው ገበያ ይሂድ ተባለ። ጎረቤቶቼ ዕቃ ማሰር ጀመሩ። እኔ ግን ወዴት ልሂድ? ደንበኞቼ ሁሉ እዚህ ናቸው። አንዲት ጠርሙስ ላምባ ልግዛ ብሎ ከቂርቆስ መርካቶ ድረስ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ይመሽበትና ያችኑ ላምባ ለመመለሻው ይጨርሳታል።

እንግዲህ በዚህ ጭንቀት ላይ እያለሁ ነው ሱቢቶ የመጣው።

ሱቢቶ የካዛንችሱ ሥራ አለቃ ነው። አጭር፣ ፈጣን ሰው። እውነተኛ ስሙን ማንም አያውቀውም። ባፉ የሚመላለሰው ቃል «ሱቢቶ» ስለሆነ ስሙም ይኸው ሆኖ ቀረ። ሱቢቶ በነሱ ቋንቋ አሁኑኑ ማለት ነው። ሲሚንቶ፣ ሱቢቶ። ውሃ፣ ሱቢቶ። ሲቀመጥ እንኳ ለመነሳት የሚቀመጥ ይመስላል። ከሱ ኋላ ሁልጊዜ የሚሮጠው አስተርጓሚው ተክሌ ነው። ተክሌ ጣሊያንኛ የተማረው ምጽዋ ላይ፣ መርከብ ማድ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲልጥ ነው። ስለ ሽንኩርት የሆነ እንደሆነ እንከን አይወጣለትም። ሌላው ነገር ሁሉ ግን በማድ ቤት በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው።

የሱቢቶ ችግር ይህ ነበር። ለአዲሶቹ ነዋሪዎች ፉርኖ የሚጋገርበት ትልቅ ምድጃ አሠርቷል። ምድጃው የሚነደው በናፍጣ ነው። ናፍጣውን የሚያመጣው ካሚዮን ግን ጊዜው ክረምት ስለነበረ ከላይኛው መንገድ ወደ ታች አይወርድም። አንዱ ደፍሮ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል፤ እስከ መስቀል ድረስ የሰፈሩ ዶሮ እንቁላል የጣለችው እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የናፍጣ ማጠራቀሚያ የብረት ጋን ላይኛው መንገድ ዳር አቁመዋል፣ ምድጃው ታች ነው፣ በመካከሉ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ሰው በቆርቆሮ እየተሸከመ ያወርዳል፤ ምድጃው ደግሞ ከሰው ቶሎ ይጠጣል። ጥቂት ቆይቶም አንድ ኮሎኔል ሰፈሩን ሊጎበኝና ፉርኖውን ሊቀምስ ነው።

«ቱቦ አለህ ወይ ይልሃል፤» አለኝ ተክሌ።

«አለ በለው። ቀጭንም አለ፣ ወፍራምም አለ።» ይህን ስል አስካለን ገልመጥ አድርጌ አየኋት። እሷ ወደ ሌላ አየች።

ሱቢቶ ብዙ ተናገረ። ተክሌ አሳጠረው። «ናፍጣውን ከጋኑ እስከ ምድጃው አውርድልኝ ይላል። ኮሎኔሉ የመጣ ቀን ፉርኖው ደህና ሆኖ ከወጣ፣ ይህ ሰው ለሥራው አስፈላጊ ነው ብዬ ወረቀት እጽፍልሃለሁ፤ ከቂርቆስ የሚያነሳህ የለም። ካልወጣ ከጎረቤቶችህ ጋር ጫን።»

«መቼ ልጀምር በለው።»

«ይህን እንኳ ሳልጠይቀው እነግርሃለሁ፤» አለ ተክሌ።

ሱቢቶ ከመሄዱ በፊት ሁለት ጣቱን አውጥቶ «ዱዌ ፖሊቺ» አለ። ተክሌም «የቱቦው ውፍረት ሁለት አውራ ጣት ይሁን ይላል፤» አለኝ።

«አውራ ጣት? እርግጠኛ ነህ?»

«ፖሊቼ አውራ ጣት ነው። ሽንኩርት ስከትፍ የቆረጥኩት ቀን ነው ቃሉን የተማርኩት። አልረሳውም።»

«የማን አውራ ጣት?»

ተክሌ ሊጠይቅ ዞረ። ሱቢቶ ሄዷል።

እዚህ ላይ ለዛሬ ልጆች ትንሽ ላስረዳ። ጥያቄዬ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። በኛ ዘመን አቡጀዲ የሚለካው በክንድ ነበር፤ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ። ክንድ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ሻጭ የሆነ ሰው ድንክ ፈልጎ ያስለካል፣ ገዢ የሆነ ሰው ከዘመዶቹ ሁሉ ረጅሙን መርጦ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ሁለቱ ወገን ተከራክረው መሀል ላይ ይገናኛሉ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ስለ ክንዱ ሳይከራከር ጨርቅ ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ሚስቱ ታመመ ወይ ብላ ግንባሩን ትዳስሰዋለች። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው «ሁለት አውራ ጣት» ሲባል አስቀድሞ የሚያስበው የማን የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ ሻጭ ነኝ። ሻጭ ወደ የት እንደሚያዘነብል የታወቀ ነው።

«አስካለ፣ እስቲ አውራ ጣትሽን።»

«ምን ልታስፈርመኝ ነው?» አለች። ቢሆንም መጣች። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን አጠጋግታ በቀጭኑ ቱቦ አፍ ላይ ደቀነች። ልክ ሆነ።

«በጎን ነው ወይስ በቁመት?» አለ ተክሌ፣ በድንገት ኃላፊነት ተሰምቶት።

«በቁመት ከሆነማ ድመት የምታልፍበት ቦይ ነው የምንዘረጋው። በጎን ይሁን።»

በጎን ሆነ። ቱቦውን መዘርጋት ጀመርን። ከላይኛው ጋን እስከ ምድጃው ድረስ ገመድ ብትወጥሩ ገመዱ በቀጥታ በሱቄ ውስጥ ያልፋል። ሱቄን ላድን ብዬ ሱቄን አልበሳም መቼም። ስለዚህ ቱቦው ሱቄ ጋ ሲደርስ ወደ ግራ አጠፍኩት፣ በጓሮ አዞርኩት፣ ሽንት ቤቱን በሩቁ አሳለፍኩት፣ ከዚያ ወደ ቀኝ መልሼ ወደ መስመሩ አስገባሁት። መጋጠሚያውን ሁሉ በሙጫና በጠፍር ጠፈርኩ። ጠፍር ሲደርቅ ይጨብጣል፤ ቀንበር ከያዘ ቱቦ አይለቅም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጋኑ ተከፈተ። የክረምት ጠዋት ታውቃላችሁ፣ ሰው እንኳ ከጋቢው መውጣት ይከብደዋል። ናፍጣም እንደዚሁ ነው፤ ሲበርደው ይወፍራል፣ ይጎተታል። በዚያ ላይ ቱቦው የአስካለ አውራ ጣት ነው። ታች ምድጃው አፍ ላይ ቆመን ስንጠብቅ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደ ማር ክር የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ነበልባሉም ያንኑ ያህል ነበር፤ ሻማ ቢሆን ደንበኛ ያማርርበት ነበር። ያን ቀን የወጣው ፉርኖ ከላይ ነጭ፣ ከውስጥ ሊጥ ነው።

ሱቢቶ አንዱን በጣቱ ተጫነው። ጣቱ ገባ። «ፒዩ ቬሎቼ፤» አለ።

«ቶሎ ይምጣ ይላል፤» አለ ተክሌ።

«ናፍጣው?»

«ሁሉም ነገር መሰለኝ።»

ፈሳሽ ከፍ ካለ ቦታ ሲለቀቅ እንደሚቸኩል ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ዝናብ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ ይበቃል። ስለዚህ ከካዛንችሱ ግንባታ አጣና ለምነን ከፍ ያለ ቆጥ ሠራንና ጋኑን እዚያ ላይ አወጣነው። ከፈትነው። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ቀዳዳው ያው መሆኑን ነው። በቂርቆስ ንግሥ ዕለት ሕዝቡ ባንድ ጠባብ በር ልግባ ሲል አይታችኋል? ከኋላ የሚገፋው በበረታ ቁጥር ከፊት ያለው አይፈጥንም፤ ይጮኻል እንጂ። ቱቦውም ጮኸ። መጀመሪያ አፏጨ፣ ቀጥሎ መጋጠሚያው ላይ ጠፍሩ ተንቀጠቀጠ። ናፍጣ ደግሞ ለጠፍር እንደ ቅባት ነው፤ ሌሊቱን ጠጥቶ ልሟል። ሱቢቶ ፉጨቱን ሲሰማ በአፉ የያዘውን ሲጋራ ጭቃ ውስጥ ወርውሮ ሮጠ። ሱቢቶ የሚለው ቃል ለራሱም እንደሚሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጠፍሩ ለቀቀ። ናፍጣው ከጓሮዬ ተነሥቶ ቀስተ ደመና ሠርቶ አጥሩን ዘለለ። ከአጥሩ ማዶ የአዲሶቹ ቤቶች የልብስ ማስጫ አለ። የጣሊያን አንሶላ እንዴት ነጭ እንደሆነ የተረዳሁት ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው። አንዲት ሲኞራ አንሶላዋን እንደ ባንዲራ ይዛ ወጣችና በሱቢቶ ላይ ወረደችበት።

«ምን ትለዋለች?» አልኩት ተክሌን።

«በማድ ቤት ያልሰማሁት ቃል ነው። ግን ስለ እናቱ ይመስለኛል።»

ማታ ከአስካለ ጋር ተቀምጠን ነገሩን መረመርን። ማለቴ እኔ መረመርኩ፣ እሷ እጅጌዬን አጠበች። ጥፋቱ የጣቷ ነው ብዬ ደመደምኩ።

«በትልቅ ጣት ከሆነ የሚፈለገው፣» አለች አጠባውን ሳታቆም፣ «ለምን ጋሼን አትጠራም?»

ጋሼ ያለችው አጎቷን ጋሽ ውቤን ነው። ጋሽ ውቤ ቆሞ እጁን ሲያወርድ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ይደርሳል። በደጉ ጊዜ የሰፈሩ ክንድ እሱ ነበር። አቡጀዲ የሚገዛ፣ ለሠርግ ጥጥ የሚያስፈትል፣ ለሙት የሚከፍን ሁሉ ጋሽ ውቤን ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩት ሱቃቸውን ሊዘጉ ይዳዳቸው ነበር። ክብሩም እንጀራውም ያ ክንድ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ጣሊያን መስመር የተሰመረበት እንጨት ይዞ መጣና ከእንግዲህ በዚህ ይለካ አለ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ውቤ ክንዱን ጋቢው ውስጥ ከቶ ቤቱ ተቀመጠ፣ ከአፎቱ እንደማይወጣ ጎራዴ።

ስንጠራው እጁን ታጥቦ፣ ጥፍሩን ተቆርጦ፣ ነጭ ለብሶ መጣ።

«ለማን ወገን ነው የምለካው?» አለኝ። «ለሻጭ ነው ወይስ ለገዢ?»

«ለናፍጣው ነው ጋሽ ውቤ።»

«ናፍጣው ዘመድ የለውም?»

«የለውም።»

«እንግዲያው የሙት ልጅ ነው። ሰፋ አድርገን እንለካለታለን።»

ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አጠጋግቶ ቀጭኑን ቱቦ ሞከረ፤ ጣቱ አልፎ መሬት ሸፈነ። ወደ ወፍራሙ ክምር ሄደ። እንደ ካህን ዝግ ብሎ አንዱን ቱቦ ከሌላው እያማረጠ፣ በመጨረሻ ጡጫ የሚያስገባ አፍ ላይ አረፈ። «ይኸ ነው፤» አለ። ከመጣ ጀምሮ ፊቱ እንደዚያ በርቶ አላየሁም። ተክሌ በጆሮዬ «ትንሽ አልበዛም?» አለኝ። «አንተ ንገረው፤» አልኩት።

ወፍራሙ ተዘረጋ፣ ያው ሱቄን ዞሮ። ጋኑ ተከፈተ። ምድጃው አፍ ላይ ቆመን ጠበቅን። ምንም። ጋጋሪው ጠበቀ፣ ሊጡ ጠበቀ። ወደ ላይ ሰው ላክን፤ ጋኑ እየጎደለ ነው አለ። ወደ ታች አየን፤ የሚመጣ ነገር የለም። እስካሁን የወረደው ናፍጣ በሙሉ የት ገባ? ቱቦው ሆድ ውስጥ። እንዲህ ያለ ዘመድ አለኝ፤ መጀመሪያ ራሱ ሳይጠግብ የተላከለትን ለባለቤቱ አያደርስም። ቀትር ሲቃረብ ደረሰ ተባለ። ቢደርስም ቀስ እያለ፣ እንደ ሽማግሌ በከዘራ ነው የመጣው። ቀድሞ የወጣውም ናፍጣ አይደለም። ካሚዮኑ ናፍጣውን የሚያመጣባቸው በርሜሎች ዝናብ ገብቶባቸው ኖሯል፤ ውሃው፣ ዝገቱና ጭቃው ቱቦው ዝቅ ባለበት ቦታ ተኝቶ ተጠራቅሞ ነበር። ቶሎ የሚሄድ ፈሳሽ ቢሆን ጠራርጎ ይዞት ያልፍ ነበር። የሚያዘግመው ግን አልፎት ሄደ፣ እስኪሞላ ጠበቀው፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ገፍቶ ምድጃው ውስጥ ደፋው። ምድጃው ሳለ። አንዴ፣ ሁለቴ ሳለና ጥላሸቱን በሙሉ ጋጋሪው ላይ ተፋ። ያን ቀን ፉርኖውም ጋጋሪውም ጠቁረው ወጡ።

ከዚህ የተማርኩትን በነፃ ልንገራችሁ። ጠባብ ቱቦ ቸኩሎ ይተፋል፣ ሰፊ ቱቦ ተኝቶ ይበላል። ስለ ሹመትም እንደዚሁ የሚባል ነገር አለ፤ ግን ወደሱ አልገባም።

ኮሎኔሉ ሊመጣ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ጎረቤቶቼ ገሚሶቹ ጭነው ሄደዋል። ከሱቄ በላይ ያለው ልብስ ሰፊ ሲሰናበተኝ «አንተማ አስፈላጊ ሰው ነህ፤» አለኝ፤ ምርቃት ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም። ሱቢቶ ጥላሸቱን እያየ መጣ፣ ዘበኛም ከኋላው ነበር። ዛሬ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ይህ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ።

«ቱቦውን የለካው ማን ነው ይላል፤» አለ ተክሌ።

እኔ የማስበው የትኛውን የሞተ ሰው ስም ልጥራ እያልኩ ነው። ጋሽ ውቤ ግን ወደ ፊት ወጣ። «እኔ ነኝ፤» አለ። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እጁን ከጋቢው አወጣና የሱቢቶን እጅ ያዘ።

በዚያን ጊዜ ያገሩ ሰው የጣሊያንን እጅ እንዲህ ብድግ አድርጎ አይዝም። ዘበኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ተክሌ አንድ እርምጃ ከኔ ራቀ፤ አልቀየምኩትም፣ እኔም ከጋሽ ውቤ ርቄ ነበር። ጋሽ ውቤ ማንንም አላየ። የሱቢቶን አውራ ጣት ከራሱ አውራ ጣት ጋር አስተካክሎ፣ አገላብጦ፣ ባንድ ዓይኑ አየው።

«በዚች ነበር እንዴ?» አለ። «ታዲያ ባለቤቷ እዚህ እያለ ለምን እኔን ታለፋላችሁ? ከአስካለ ትበልጣለች፣ ከኔ ታንሳለች።»

ሱቢቶ እጁን ሳይነጥቅ ወደ ተክሌ ዞረ። ተክሌ እየተንተባተበ ነገሩን ከሽንኩርቱ ጀምሮ አስረዳ። የሱቢቶ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቀ። ሲስቅም ቸኩሎ ነው፤ ወዲያው አቆመ። ዘበኛው ጠመንጃውን መለሰ። ሱቢቶ ከኪሱ የሚታጠፍ መለኪያ አወጣና በጥፍሩ አንድ ቁራጭ አሳየን። ፖሊቼ ማለት አውራ ጣት ነው፤ ግን ያ አውራ ጣት የማንም ሰው አይደለም፣ እዚህ እንጨት ላይ ያለው ነው።

«መጀመሪያ ግን የማን ነበር በለው፤» አለ ጋሽ ውቤ።

ተክሌ ጠየቀ። ሱቢቶ ሳይቸኩል ያሰበው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አላውቅም ይላል።»

«ባለቤቱ በማይታወቅ ጣት ነዋ ክንዴ የተሻረው፤» አለና ጋሽ ውቤ እጁን ወደ ጋቢው መለሰ።

በዚያው ቀን ልኩ ሁለት ፖሊቼ የሆነ አዲስ ቱቦ በካሚዮን እስከ ላይኛው መንገድ መጣ፣ መጋጠሚያው በብረት የሚጠብቅ። ከየት? ከሱቢቶ መጋዘን። ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረ። ታዲያ ለምን ወደኔ መጣ የሚል ሰው ካለ መንግሥት ቤት ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው። ከመጋዘን ዕቃ ለማስወጣት ፊርማ ያስፈልጋል፣ ከፊርማው በላይ ሌላ ፊርማ ያስፈልጋል። ከኔ ጓሮ ለማስወጣት ግን «ሱቢቶ» ማለት ይበቃል።

አዲሱን ቱቦ በድሮው መንገዴ ላይ ዘረጋነው። ጋኑ ተከፈተ። አያፏጭም፣ አይተኛም። ጆሮዬን ቱቦው ላይ ለጥፌ ሰማሁት፤ ጉዳዩን እንደሚያውቅ መንገደኛ ዝም ብሎ ይሄዳል። ታች ነበልባሉ ተነሣ፣ ፉርኖው መቅላት ጀመረ። እንደዚያን ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ሱቢቶ ግን ነበልባሉን አየና አንገቱን ነቀነቀ። ትንሽ ይቀረዋል። ከምድጃው ተነሥቶ ቱቦውን እየተከተለ ወደ ላይ ወጣ፤ እኛም ተከተልነው። ጓሮዬ ሲደርስ ቆመ።

«ትሮፒ ጎሚቲ፤» አለ።

ተክሌ ትንሽ አመነታ። «ክርን በዝቷል ይላል።»

ሁላችንም ዞረን ጋሽ ውቤን አየነው። ጋሽ ውቤ ክንዱን ጋቢው ውስጥ ጥልቅ አድርጎ ከተተ። «ክንዴን ሽሮ አልበቃው ብሎ አሁን ደግሞ በክርኔ መጣ?» አለ።

«ሰው በዛ፣ ተጋፋችሁ ማለቱ ይሆናል፤» አልኩና ለመመልከት የመጣውን ሰው «ራቁ፣ ራቁ» እያልኩ አባረርኩ። ሰዉ ራቀ። ሱቢቶ አሁንም ቆሟል። ጎንበስ አለና ቱቦው ወደ ግራ የታጠፈበትን ቦታ በመለኪያው መታ አደረገ። ክርን። ቀጥሎ በጓሮ የዞረበትን። ክርን። ከሽንት ቤቱ አልፎ የተመለሰበትን። ክርን። ፈሳሹ እያንዳንዱ ክርን ላይ ይጋጫል፣ ይደናገራል፣ ጉልበቱን ጥሎ ያልፋል። ይህን ሲያስረዳ ቆየና ቀና ብሎ እጁን እንደ ቢላዋ ዘረጋ፤ ከላይኛው ጋን፣ በሱቄ በር፣ በላምባ በርሜሌ፣ በመደቤ፣ በጓሮ ወጥቶ እስከ ምድጃው። ቀጥ ያለ መስመር ነው። ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ የሚያምር ይመስላቸዋል።

አስካለ በር ላይ ቆማ ነበር። እጁ በሷም በኩል አልፏል።

እኔ ግን በዚህ ሁሉ ቀን ዝም ብዬ ናፍጣ ስጠጣ አልከረምኩም፤ ነገሩ ገብቶኛል። «በለው እንጂ፣» አልኩት ተክሌን፣ «ቱቦውን ጥቂት ወፈር ብናደርገው፣ ከሁለት ወደ ሁለት ተኩል ፖሊቼ፣ ናፍጣው ዝግ ስለሚል ክርኑ ያን ያህል አይጎዳውም። እስከ ምድጃው የሚደርሰው ግን አይቀንስም። ያንተው መጋዘን ውስጥ እሱም አይጠፋም በለው።»

ተክሌ ተረጎመ። ይህን ያህል አስተካክሎ ሲተረጉም ሰምቼው አላውቅም፤ ለኔ ብሎ እንደሆነ ገባኝ። ሱቢቶ ሰማው። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

«ትክክል ነህ ይላል፤» አለ ተክሌ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ግን ሌላ ቱቦ ለማስወጣት ሌላ ፊርማ ያስፈልጋል። ሱቅህን ለማፍረስ ፊርማ አያስፈልግም።»

ወረቀቱን ግን ኮሎኔሉ እስኪመጣ እንኳ ሳይጠብቅ ጻፈልኝ፤ በዚህ አላማውም። ቃሉን የሚያከብር ሰው ነበር። ማኅተም ያለበት፣ ይህ ሰው ለሥራው አስፈላጊ ስለሆነ ከቂርቆስ እንዳይነሣ የሚል ወረቀት። በማግስቱ ጠዋት አፍራሾቹ ሲመጡ ወረቀቱን ዘርግቼ በሬ ላይ ቆምኩ። አለቃቸው ተቀብሎ አነበበውና ለተክሌ ነገረው።

«ወረቀቱ ትክክለኛ ነው ይላል፤» አለኝ ተክሌ፣ ዓይኔን ሳያይ። «አንተን የሚነካህ የለም። ትንሽ ብቻ ፈንጠር በልላቸው፣ ቆርቆሮ እንዳይወድቅብህ።»

ፈንጠር አልኩላቸው። ለማፍረስ ብዙም አልለፉም። እኔ እንኳ ስሠራት ከዚያ የጠነከረች መስላኝ ነበር። ጋሽ ውቤ ጠርሙሶቹን ባንድ ክንዱ እያቀፈ አወጣልን፤ ሌላ ሰው ሦስት ጊዜ የሚመላለስበትን እሱ ባንድ ጊዜ ጨረሰው። ቱቦው ቀና ብሎ አለፈ። ኮሎኔሉ መጣ፣ ፉርኖውን ቀመሰ፣ ግሩም ነው አለ አሉ። እኔ አልቀመስኩትም። የቀሩት ጎረቤቶቼም በዚያው ሳምንት ጫኑ። አንድ ዘበኛ መጥቶ «እናንተስ?» ሲለን ወረቀቱን አሳየሁት፤ እሱም ሰላምታ ሰጥቶኝ አለፈ።

አስካለ የላምባውን በርሜል ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ጠርሙሶቹን በረድፍ ደረደረች። ላያችን ሰማይ፣ ጎናችን ቱቦ።

«ያ ወረቀት አስፈላጊ የሚለው አንተን ነው፤» አለች። «ስለኔ ምን ይላል?»

«ስላንቺ አልተጻፈም።»

«እንግዲያው እኔ የቀረሁት በገዛ ፈቃዴ ነው።»

ወደ ከሰዓት በኋላ ገደማ ከታች ወይዘሮ ደስታ ጠርሙሳቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው፣ ዓይናቸው ደህና ነው። ሱቄ በነበረበት ፊት ለፊት ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ እኔንና አስካለንም ሜዳው መሀል ተቀምጠን አዩን። በሩ በነበረበት በኩል ዞረው መጡና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ወጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቤቶች፤» አሉ።

አስካለ ብድግ አለች፣ እኔም ተነሣሁ።

«ይግቡ፤ ቤት ለእንግዳ፤» አልናቸው።

እግራቸውን ከፍ አድርገው፣ የበሩ ደፍ የነበረበትን ቦታ ተሻግረው ገቡ።